ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ፣ የተጠራው እሱ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዓምድዎን ከዶርም ልጆች ጋር እየተቀባበልን ነው የምናነበው። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

በጎጃም ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የመጨረሻ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ቢቸና አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰድኩት በ2014ቱ ዙር ነው። ከትምህርት ቤታችን ያለፍነው ሁለት ነን። ውጤቱ የመጣ ቀን እማዬ ዶሮ አርዳ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ወደ ግቢ የምሄድ ዕለት ግን ከሰው ለይታ ጓዳ አስገባችኝና፣ "ፖለቲካ የሚባል ነገር ውስጥ እንዳትገቢ፤ በጠባሽው ጡቴ ይዤሻለሁ" አለችኝ። ማልኩላት።

ያለ ምክንያት አይደለም። ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ አዲስ አበባ ተልኮ ይማር ነበር። በ1993ቱ የተማሪዎች ግርግር ታስሮ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት አልተመለሰም። አሁን ከእኛ ቤት በላይ ብቻውን ይኖራል። ቀን ያርሳል፣ ሲመሽ አረቄ ቤት ነው። ስለዚያ ጊዜ ቤታችን ውስጥ አይወራም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በሴቶች ዶርም ውሃ ከጠፋ ሳምንታት ሆኖን ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥተን ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። የካፌው ምግብ የሚበላ አልሆነም። ላይብረሪ በጊዜ ይዘጋል፤ የመውጫ ፈተና ደግሞ እየመጣብን ነው። የዶርም ተጠሪዎች ተሰብስበው አቤቱታ ይጻፍ አሉ። አንቺ ጽሑፍ ትችያለሽ ብለው ለእኔ ሰጡኝ። በስልክ መብራት አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። መግቢያው "ቧንቧው አለ፣ ውሃው የለም፤ ካፌው አለ፣ ምግቡ የለም፤ ተማሪው አለ፣ የሚሰማው የለም" ይላል። ልጆቹ በጣም ወደዱት። ፊርማ ሲሰበሰብ ግን የእማዬ ጡት ትዝ አለኝ። "ጽፌላችኋለሁ፣ ይበቃል" ብዬ ሳልፈርም ቀረሁ። ከ200 በላይ ተማሪ ፈረመ። መጀመሪያ የፈረመው አብሮኝ የሚያጠና ጓደኛዬ ነው። ወረቀቱን በዲኑ ቢሮ በር ሥር አስገቡት።

መልስ ሲጠፋ ልጆች ካፌ ገብተው ሳህናቸውን ገልብጠው ምሳ ሳይበሉ ወጡ። እስከዚያ ድረስ ሰላም ነበር። ማታ ላይ ግን የማናውቃቸው ልጆች መስኮት ሰበሩ። በማግስቱ ጓደኛዬ ስሙ ከላይ ስላለ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ተጠራ። "ይህን የጻፈው ማን ነው?" ሲሉት "እኔ ነኝ" አለ። እኔን ላለማስነካት ነው። ሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥተውታል። አንድ ዓመት ሊቀጣ ይችላል እየተባለ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። ካፌ በሌላ በር ነው የምገባው። ልጆቹ ደግሞ አሁን ሰልፍ እንውጣ፣ ከግቢ ወጥተን ወደ ከተማ እንሂድ እያሉ ነው፤ ሌላ ጽሑፍ አዘጋጂልን ብለውኛል። እምቢ ስላቸው አንዷ "አንቺማ እጅሽ እንጂ ስምሽ አይገኝም" አለችኝ። አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። እማዬ ጋ እንዳልደውል ኔትወርክ የሚያገኛት ገበያ ስትወጣ ብቻ ነው። ደግሞስ ምን እላታለሁ? ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

ግራ የገባኝ፣ ከጎጃም

* * *

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ሰልፉ ጋ ወይም መሐላው ጋ ይቆም ነበር። እኔ የቆምኩት "ካፌ በሌላ በር ነው የምገባው" ያልሽው ጋ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ተማሪ እያለሁ ግቢያችን ውስጥ ረብሻ ተነሥቶ ነበር። ከጮኹት አንዷ እኔ ነኝ፤ የተያዘችው ግን ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው ጓደኛዬ ናት። እሷ አንድ ዓመት ተቀጣች፣ እኔ ተመረቅኩ። ፍራሿን ጠቅልላ ስትወጣ እኔ ላይብረሪ ነበርኩ። የሄድኩት ለማጥናት አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር አንድ ሰርግ ላይ ተገናኘን። ውጭ ተቀምጠን ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ። "አለመናገርሽን ተረድቼዋለሁ፣ እኔም ብሆን አልናገር ይሆናል። ያልገባኝ ፍራሼን እስከ በር እንኳ ያላገዝሽኝ ነገር ነው" አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ የተጠቀለለ ፍራሽ ባየሁ ቁጥር እሷ ናት የምትታየኝ።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ይቆይ። መጀመሪያ እሱ በሚገባበት በር ግቢ። ትሪሽን ይዘሽ ከፊቱ ቁጭ በይ። ምን እላለሁ ብለሽ አትጨነቂ። "አፍሬ ነው የጠፋሁት" ማለት ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።

ከዚያ ጠይቂው። ለምን "እኔ ነኝ" አለ? አንቺን ለማዳን ነው ብለሽ ደምድመሻል። ሊሆን ይችላል። ግን ደንግጦም ይሆናል። ስሜ ከላይ ካለ ያው ነው ብሎም ይሆናል። ወይም ጽሑፉ የሁላችንም ነው ብሎ ስለሚያምን ይሆናል። (ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል፤ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ አልጠየቅኩም።) እሱ ምን እንዲሆንለት እንደሚፈልግ ሳታውቂ አንቺ ብቻሽን የምትወስኚው ነገር የለም። ደብዳቤሽ ውስጥ እሱ ብዙ ቦታ አለ፤ እሱ የተናገረው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው።

ልናገር ወይስ ዝም ልበል ላልሽው፣ እኔን ካልሽ ተናገሪ ባይ ነኝ። ግን ነገ ጠዋት ብድግ ብለሽ ዲኑ ቢሮ ሮጠሽ አይደለም። ሳታማክሪው ብትናገሪ ኮሚቴው ፊት ውሸታም አደረግሽው ማለት ነው። ልታድኚው ሄደሽ ሌላ ጥፋት ታስጨምሪበታለሽ።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ። ኮሚቴው "ማን ጻፈው?" ብሎ ስለጠየቀ፣ እናንተም መጻፉን እንደ ጥፋት ይዛችሁታል። እሱ "እኔ ነኝ" ሲል ጥፋት የተሸከመ መሰለው፣ አንቺም ጥፋት የሸሸሽ መሰለሽ። አቤቱታ መጻፍ ግን ጥፋት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ስለ ስብሰባና ስለ ሰላማዊ ሰልፍ ብቻ አይደለም የሚያወራው፤ አቤቱታ ማቅረብንም መብት ይለዋል። እዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋት የሚባል ካለ የተሰበረው መስኮት ነው። ስለዚህ የጓደኛሽ መከላከያ "ማን ጻፈው" ላይ ሳይሆን "መስኮቱ ሲሰበር የት ነበርክ" ላይ መሆን አለበት። ያን ማታ የት ነበር? ዶርም ከነበረ ማን አብሮት ነበር? ፕሮክተሩ አይቶታል? ላይብረሪ ከነበረ ሲገባ መታወቂያውን ያየው ጥበቃ ማን ነው? ይህን ዛሬውኑ ጻፉት። ሁለት ሳምንት ረጅም ይመስላል። ምስክር ግን ቶሎ ይረሳል።

ክሱ በቃል ብቻ ከሆነ የተነገረው፣ በጽሑፍ ይሰጠኝ ብሎ ይጠይቅ። ግቢያችሁ የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ ይኖረዋል። ከዲኑ ቢሮ ወይም ከተማሪዎች ኅብረት ውሰዱና አንብቡት። ቅጣቱ ምን ምን ደረጃ እንዳለው፣ ይግባኝ ለማን እንደሚባልና በስንት ቀን እንደሆነ እሱ ላይ ታገኙታላችሁ። "አንድ ዓመት ይቀጣል ይባላል" የሚለው የዶርም ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደንቡ ይከፋል፤ አንዳንዴም ይቀላል። ብዙዎቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ግቢያችሁ ውስጥ ካለ በሩን አንኳኩ፤ መምህራኑም ተማሪዎቹም እንዲህ ያለ ጉዳይ ያያሉ። ነገሩ ከግቢ በላይ ከሄደ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አላቸው። ለእንዲህ ያለ ነገር እዚያ ድረስ መሄድ ያሳፍራል አትበይ። የተቋቋሙት ለዚሁ ነው።

የአንቺ መናገር እንዴት ይሁን? እኔ የታየኝ እንዲህ ነው። አቤቱታ ይጻፍ ብለው የወሰኑት የዶርም ተጠሪዎች ናቸው። አንቺ በራስሽ ተነሥተሽ አልጻፍሽም። ስለዚህ እነሱ አንድ ገጽ ይጻፉ፤ እንዲጻፍ የወሰንነው እኛ ነን፣ ረቂቁን እገሊት አዘጋጀችልን፣ አንብበን ተስማምተን አስፈረምን፣ መስኮት በሰበሩት ግን አንስማማም ይበሉ። ስምሽ እዚያ ውስጥ ይግባ። ያኔ እሱም "የጻፍኩት እኔ ነኝ" ያለው "የሁላችንም ነው" ማለቴ ነው ለማለት መንገድ ያገኛል። ተጠሪዎቹ "እኛስ ለምን እንገባለን" ካሉ፣ ያኔ ብዙ ነገር ትረጃለሽ። ሰልፍ እንውጣ የሚሉት እነሱ ናቸው አይደል?

ዋጋ አያስከፍልሽም ብዬ አልዋሽሽም። ማስጠንቀቂያ ሊሰጡሽ ይችላሉ። ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በመላ አገሪቱ ከተፈተነው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። አንቺ ከዚያ ውስጥ ነሽ። መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ሲቋረጥ ታግሠሽ እዚህ ደርሰሻል። ይህን አስልተሽ "አልችልም" ብትይ አልፈርድብሽም። እንደዚያ ከሆነ ግን ለእሱ በግልጽ ንገሪው፤ ምስክር በመፈለጉም፣ መከላከያውን በመጻፉም እርጂው። ከኮሚቴው መሰወርና ከእሱ መሰወር አንድ አይደለም።

አሁን ወደ እማዬ እንሂድ።

በጡት መያዝ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔንም እናቴ አንዴ ይዛኝ ነበር፤ በምን እንደሆነ ሌላ ቀን። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ። እማዬ ባታስምልሽ ኖሮ ትፈርሚ ነበር? "አዎ" ካልሽ መሐላው እውነትም አስሮሻል፣ መፈታት አለበት። "እንጃ" ካልሽ ደግሞ ፈርተሽ ነበር። መፍራት ነውር አይደለም። ግን በእማዬ አታሳብቢ።

ጎጃሜ ነሽና ሰምና ወርቅ ሳይመጣልሽ አይቀርም። "እማዬ ያለችው ፖለቲካ ነው፣ እኔ የጻፍኩት ስለ ቧንቧ ነው።" እንዲህ ያለውን ነገር የዋሸራ ቅኔ መምህር ሰምቶ ፈገግ ይል ይሆናል፤ እናት ግን በቅኔ አትታለልም። እማዬ ፖለቲካ ስትል ስለ ፓርቲና ስለ ምርጫ እያሰበች አልነበረም። "እንደ ወንድሜ ሆነሽ እንዳትመጪብኝ" ማለቷ ነው። ብትጽፊም ባትፈርሚም እሷ የፈራችው ነገር በርሽ ላይ ቆሟል። ስለዚህ የማታውቅ መስሎሽ በዝምታ የምትጠብቂላት መሐላ እሷን አያሳርፋትም፤ አንቺንም አላሳረፈሽም።

ደግሞ ፍርሃቱን እሷ አልፈጠረችውም። በ1957 ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" ብለው አዲስ አበባ ላይ ከወጡበት ጊዜ ጀምሮ በዚህ አገር የተማሪ እናት ደህና እንቅልፍ አልተኛችም። በ1962 የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። የቀይ ሽብሩን እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ሚያዝያ 1993 ደግሞ የአጎትሽ ነው።

እዚህ ጋ ላቁምና ልጠይቅሽ። አጎትሽን ማንም ጠይቆት ያውቃል?

25 ዓመት ሙሉ ቤታችሁ ስለ እሱ ሲፈራ ኖሯል። እሱ ራሱ ግን ምን ይላል? ቢመለስ ያደርገዋል? ከምኑ ነው የሚጸጸተው፤ ከመውጣቱ ወይስ ትምህርቱን ከመተዉ? አብረውት የነበሩት የት ደረሱ? ከቤተሰቡ ውስጥ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ቆሞ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እናንተ ግን ማስፈራሪያ አድርጋችሁት ቁጭ አላችሁ። ደውይለት። "አጎቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል፣ ምን ትለኛለህ?" በይው። ምን እንደሚልሽ አላውቅም። ተይው ሊልሽ ይችላል። ብቻ ጠዋት ደውይለት፣ አረቄ ቤት ሳይደርስ።

ለእማዬም ከሌላ ሰው ሳትሰማ አንቺ ንገሪያት። ወሬ ከግቢ እስከ ቢቸና ለመድረስ ኔትወርክ አይፈልግም። "እማዬ፣ ውሃ ጠፍቶብን አቤቱታ ጻፍኩ፤ መሐላሽን አስቤ አልፈረምኩም፤ አሁን ግን ሌላ ሰው በእኔ ፈንታ ተጠርቷል" በያት። ስለ መሐላው አትከራከሪያት። የገጠር እናት ስለ ፖለቲካ ካወራሻት ትደነግጣለች። የሰው ልጅ በልጇ ፈንታ ሊቀጣ ነው ስትያት ግን ሌላ ሴት ትሆናለች። "የሰው ልጅ እንዲህ አስደርገሽማ እንዳትመጪ" ልትልሽም ትችላለች። መሐላውን ማንሣት የምትችለው ያስማለችሽ እሷ ናት። ልብሽ ካላረፈ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ እንዲህ ያለ ነገር ስንቴ መጥቶባቸዋል።

ካነሣነው አይቀር፣ ስለ ቢቸና አንድ ነገር። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ካመፁት የጎጃም አውራጃዎች አንዱ የአንቺው ቢቸና ነበር፤ ሞጣና ዳሞትም እንዲሁ። ገበሬው መሬታችን ሊለካ ነው ብሎ አልቀበልም አለ። ነገሩ ወደ ጥይት ሄደ፣ መንግሥት በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ደረሰ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ከቦታቸው ተነሡ፣ መንግሥትም ከግብሩ ወደኋላ አለ። ይህን የምነግርሽ ላጀግንሽ አይደለም፤ ብዙ ደም ፈሶበታል። ግን "አርፈሽ ተቀመጪ" የሚለው ምክር የአባቶችሽ ምክር ብቻ እንዳይመስልሽ። እማዬ ቤት አጠገብ ያን ጊዜ የሚያስታውስ ሽማግሌ አይጠፋም። ፋሲካ ስትወርጂ ጠይቂ።

ወደ ሰልፉ ልምጣ። እዚህ ላይ አልሸሽሽም፤ አሁን ከግቢ ወጥቶ ወደ ከተማ መሄዱን አልወደድኩትም። ሰልፍ መብት ነው። በ1983 በወጣው አዋጅ መሠረት ግን ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ልጆቹ ይህን አስበውበታል? ከ2015 ወዲህ ደግሞ ጎጃም ምን እንዳየ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። መንገድ ላይ ከምትቆሙት ውስጥ ስለ ቧንቧ የመጣውንና ስለ ሌላ ነገር የመጣውን ማን ይለያል? የ1993ቱም ከግቢ ነበር የጀመረው። ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ የተማሪው ማኅበርና ጋዜጣ በነፃነት ይሥሩ ነበር ጥያቄው። ከተማ ሲደርስ ተማሪ ያልሆነው ተቀላቀለበት። መኪና ተቃጠለ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ ጥይት ተተኮሰ። ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ጥያቄው ምን እንደነበረ ዛሬ አሥር ሰው ብትጠይቂ ስንቱ ይመልስልሻል? መስኮት የሰበሩትን ልጆች ግቢ ውስጥ ሆናችሁ እንኳ አላወቃችኋቸውም። ከተማ ውስጥማ!

ይህ የእኔ ሐሳብ ነው። አንቺ ከእኔ ወጣት ነሽ፣ ቦታው ላይም ያለሽው አንቺ ነሽ። ግን ሰልፍ ብትወጪም ራስሽ አምነሽበት ውጪ። ያቺ ልጅ "ስምሽ አይገኝም" ስላለችሽ እንዳይሆን። በነገራችን ላይ፣ ንግግሯ ያመመሽ እውነት ስላለበት ነው፤ እሱን ዋጥ አድርጊው። ግማሹ ግን ግፍ ነው። ያን ሌሊት ሁላቸውም ተኝተው በስልክ መብራት የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ።

አሁንም ጻፊ ካሉሽ ደስ የሚለኝ ሁለተኛ አቤቱታ ብትጽፊ ነው። በዚህኛው ግን ግጥሙን ቀንሺ። "ቧንቧው አለ፣ ውሃው የለም" ግሩም አነጋገር ነው፤ እኔም ሁለት ቀን አፌ ላይ ሲመላለስ ነበር። ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ስለ ውሃው ረስቶ "ማን አለው?" ብሎ ይጠይቃል። ኮሚቴውም የጠየቀው ይህንኑ ነው። አካውንቲንግ አይደል የምትማሪው? ሠንጠረዥ ሥሪላቸው። ስንት ብሎክ ነው ውሃ የሌለው? ስንት ሴት ትኖርበታለች? ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ጠፋ? ሌሊት 9 ሰዓት በሚመጣው ውሃ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስንት ይሞላል? ለአንድ ልጅ ስንት ሊትር ይደርሳል? ላይብረሪው የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው፣ የመውጫ ፈተና እስኪደርስ ስንት ሰዓት ድረስ ይከፈትልን ነው የምትሉት? ካፌው ላይም እንዲሁ፤ "የሚበላ አይደለም" ከማለት የሳምንቱን ምሳ ቀን በቀን ጻፉት። ግማሽ ገጽ ይበቃል። እንዲህ ያለ ወረቀት ደራሲ የለውም። ማን ጻፈው ቢሉ፣ ጀሪካኑ።

በበር ሥር ማስገባት የሚባል ነገር ደግሞ ይቅር። መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፣ ቁጥርና ቀን ይሰጠው፣ እናንተ ጋ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተም ይመታበት። ከታች ግልባጭ ለፕሬዚዳንቱ ቢሮ፣ ግልባጭ ለሴቶች ጉዳይ፣ ግልባጭ ለተማሪዎች ኅብረት በይ። ግልባጭ የሚባለው ነገር ቢሮ ውስጥ ያለውን ኃይል ሥራ ስትጀምሪ ታይዋለሽ። ፊርማው በመታወቂያ ቁጥር ተራ ይሁን። ማን ቀድሞ እንደፈረመ እንዳይታወቅ። መልስ የምትጠብቁበትን ቀን ጥቀሱና ሦስት ሰው ወክላችሁ ቀጠሮ ጠይቁ። ከሦስቱ አንዷ አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እሱን ከእማዬ ጋር ከተነጋገርሽ በኋላ ወስኚ።

የመውጫ ፈተናውን አልረሳሁትም። ከዚህ ሁሉ መሐል በቀን የተወሰነ ሰዓት ለእሱ ብቻ ይሁን፤ ስልክሽን ዶርም ጥለሽ ሂጂ። ከእሱ ጋር ድሮ አብራችሁ ታጠኑ ከነበረ አሁንም አብራችሁ አጥኑ። የተጠራ ሰው አብሮት የሚያጠና ይሸሸዋል። ሰውየው ኮሚቴ መጠራቱ ሳያንስ ጓደኛም አጥቶ ፈተናውን እንዲወድቅ አትፈልጊም።

እማዬ ገበያ የምትወጣበት ቀን መቼ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ቅርብ ከሆነ ከዚያ በፊት ለአጎትሽ ደውይ። ኔትወርክ አልገኝ ካለ ወደ ቢቸና የሚሄድ ሰው ፈልጊና በእጅሽ የጻፍሽው ወረቀት ላኪላት፤ አጎትሽ ያነብላታል።